ያ የቆርቆሮ ቤታችን

ይድረስ ለውዴ ለአለሜ፣

በሞት ከተለየኸኝ ይኸው ሦስተኛው ክረምት ገባ። ደህና ነኝ እንዳልልህ ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ልጃችን አስቴር ግን ደህና ናት፤ እዚሁ ቦንጋ አብረን ነን።

አንድ ጉድ ልንገርህ። መንገዱ ታች በኩል ሲሠራ ሁላችንም ተራ በተራ እየወረድን ባዶውን ያስቀረነው የተራራው መንደራችን ሊታደስ ነው። ቱሪስት ይመጣል አሉ። የቱሪዝም ሰዎች ስብሰባ ጠርተውን፣ ቤቶቹ እንደ ጥንቱ በቀርከሃና በሳር ይሠራሉ፣ የተመለሰ ሰው እንግዳ እያሳደረ ይኖራል ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የእናንተ ቤት ቆርቆሮ ይነሳ! ከሩቅ እያብረቀረቀ ፎቶ ያበላሻል።

አለሜ፣ እንዲያብረቀርቅ አይደል እንዴ የሠራኸው? ዳገቱን በትከሻህ ስታመላልሰው ቆርጦህ፣ ቅቤ የቀባሁህ እኔ አይደለሁም? መጀመሪያ የዘነበ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ሊሰማ ቤታችን ገባ። መደማመጥ አቅቶን እየተጯጯህን ስንስቅ፣ አንተማ ዝናቡን ራስህ ያዘነብከው ይመስል ደረትህን ነፍተህ ነበር።

እንቢ አልኩ። እንቢ እንዳልኩም ከረምኩ። ሰዎቹ ካልተስማማችሁ ሌላ መንደር እንሄዳለን አሉ። ተራራው ላይ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በኪራይ የሚንገላቱት እትዬ በላይነሽ ገበያ አገኙኝና፣ አንቺ ለቆርቆሮ ታለቅሻለሽ፣ እኔ መግቢያ የለኝም ብለውኝ ሰላም ሳይሉኝ ሄዱ። እውነታቸውን ነው። መሟገቱም ደከመኝ። ይነሳ አልኩ።

ሲነቅሉት ቆሜ አየሁ። ምስማሩ ዝጎ አልወጣ ብሎ ሲያንገላታቸው ግን ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

አሁን ቤቱ በሳር እየተከደነ ነው። ያምራል። ከሳር ቤት ለመውጣት እንዲያ የለፋኸው አንተ ብታየው ግን በሳቅ ትፈርስ ነበር።

አስቴር ለአስጎብኚነት ሠልጥናለች። እዚያው የተራራው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ይህ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው እያለች ስትለማመድ ሰምቼ አስቆምኳት። አባትሽ ቆርቆሮ አልብሶት ነበር በይ አልኳት። ባስተማሩን ውስጥ የለም እማዬ አለችኝ።

እንግዲህ እሷ ካላለች እኔ አለሁ። ይህ ጉልበቴ ዳገቱን እስካወጣኝ ድረስ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ለመጣው እንግዳ ሁሉ፣ ፈረንጁ አማርኛ ባይሰማም፣ ስምህን እየጠራሁ ያንን ቤት ማን እንዳቆመው እነግራለሁ።

ያንተው አበበች