ጣቴ ደርባን ቀርቷል

ኖምቡሶዬ፣

እኔ ጆሃንስበርግ ገብቻለሁ፣ ጣቴ ግን ደርባን ቀርቷል! ለወንድሜ ሠርግ ሶዌቶ ልሄድ ብዬ፣ እኛ ጋ ታክሲ ለማስቆም እንደለመድኩት ጣቴን ወደ ላይ ብቀስር አንዱ ቆመ፤ ዘልዬ ገባሁ። ለካ እዚህ መሄጃሽን የምትናገሪው በጣትሽ ነው፤ ያ ምልክት "መሀል ከተማ" ማለት ነው! "ኧረ ሹፌር፣ እኔ ሶዌቶ፣ ሠርግ ነው የምሄደው!" ስለው፣ "ታዲያ እህቴ፣ አፍሽን ልመን ወይስ ጣትሽን?" አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከጎኔ የተቀመጡ እናት፣ "ሠርግ ሊያመልጣት ነው፣ እናንተ ትስቃላችሁ?" ብለው ተቆጡና አብረውኝ ወርደው በራሳቸው ጣት ሌላ ታክሲ አስቆሙልኝ።

ደረስኩ! ግን ከድንኳኑ ደጅ ጣቴን ቀስሬ ስጨፍር፣ አንድ ታክሲ ቀጥ ብሎ ቆመና "መሀል ከተማ?" አይለኝም!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ አንቺም ስትመጪ እጅሽን ኪስሽ ከተሽ ነይ።

ያንቺዋ ፊኪሌ