የደሴቲቱ ተወካይ

ሐሙስ፣ ጥር 14፤ አሌክሳንድሪያ

የልጅ ልጄ ቤቲ ነገ ትምህርት ቤቷ ውስጥ የድርድር ውድድር አለባት። የምትከራከረው ቅኝ ገዢውን አገር ወክላ ነው። ፕራክቲስ ላድርግ ብላ፣ በዚያ አገር ጥበቃ ሥር ያለችው ደሴት ተወካይ አድርጋ እኔን ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ።

«ነፃነታችንን መቼ ነው የምትሰጡን? ቁርጡን ንገሩን» አልኳት።

«በሐሳቡ እንስማማለን፤ ግን ገና ሬዲ አይደላችሁም።»

«ሬዲ መሆናችንን የሚወስነው ማነው?»

«እኛ ነና!» አለች ኮስተር ብላ።

ደሜ ፈላ። «እናንተ ሳትመጡ በራሳችን ስንኖር አልነበረም እንዴ? ልጅ አሳድገናል፣ ቤት አስተዳድረናል!» ደሴት ልጅ እንደማታሳድግ ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ቤቲ አልሳቀችም። ቁርጥ እናቷን ሆና፣ «ለእናንተው ደህንነት ብለን ነው። ዊንተሩ ይለፍና እናያለን» አለችኝ።

አምና በረዶ አዳልጦኝ ከወደቅኩ ወዲህ የቤቱ ቁልፌ በልጄ፣ በቤቲ እናት በሰናይት ቦርሳ ውስጥ ነው። ብወጣ መመለሻ የለኝም። ቁልፌን በጠየቅኳት ቁጥር የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ሰናይት ዕቃ እያጠበች ትሰማን ነበር። ውሃውን ዘጋችው። እጇን አደራርቃ ቦርሳዋን ከፈተችና ወደ እኔ መጣች። እጄን ዘረጋሁ።

ከፋርማሲ ያመጣችልኝን የግፊት ክኒን መዳፌ ላይ አስቀመጠች።

«ሰዓቱ ደርሷል፣ እማዬ» አለችኝ።

ዋጥኩት።