ጣራው ከተገነጠለ ወዲህ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1954

ሙቀት። ሀብተ ማርያምን አጠብኩት፣ አገላበጥኩት፣ ሹሮ አጎረስኩት። ስንት ዘመን ባቡር የነዳ ሰው... ግማሽ ጎኑ ከሰለለ፣ አንደበቱም ከተያዘ ዓመት አለፈው። ጎረቤታችን ሃዎ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ "አስካለ፣ ባልሽን ደጅ አውጪው እንጂ፣ አየር ያግኝ" አለችኝ። ገብቼ በሩን ዘጋሁት። እንዲህ ሆኖ ሰው እንዲያየው አልፈልግም። ወገቤን አሞኛል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ትናንት ከቀትር በኋላ ሰማዩ በመጋላ ሰፈር በኩል ጠቆረ። መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ነጎድጓድ፣ ከዚያ ነፋስ... ቆርቆሮው ጥቂት ተንጫጫና ከነማገሩ ተነስቶ ሄደ። ቀና ስል ሰማይ። ሀብተ ማርያምን ላነሳው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። በላዩ ተኛሁበት። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ እንጨቱ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን ሊለኝ ነበር? ሂጂ?

የሃዎ ባል፣ ጋሪ ነጂው ሰማታር፣ በሩን ገንጥሎ ገባ። "ተነሺ አቦ፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው።" ባሌን አዝሎት ወጣ። ደጃፉን እንዳለፍን ግድግዳው አልጋው ላይ ተናደ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 7

እነሰማታር ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ነን። የሰፈሩ ግማሽ ጣራ የለውም። የሰማታር ጋሪም ዛፍ ወድቆበት ደቋል፤ ፈረሱ ብቻ ተረፈ። የእኛ ቆርቆሮ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተጨማዶ ተገኘ።

ሃዎ ለሀብተ ማርያም ወተት ስታጠጣው ደረስኩ። በፍልሰታ፣ ያውም የግመል...

"የታመመ ሰው ነው፣ አስካለ። ተናደድሽ?"

ሲውጥ አየሁት። እኔ ስሰጠው አፉን ይገጥማል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 11

ሳቀ። ሰማታር ስለ ፈረሱ ሲያወራለት ሳቀ። እንደ እኩያው አንተ ነው የሚለው። "አንተ ሀብቴ፣ ያንተ ባቡር ይሻል ነበር፣ ሣር አይበላም።"

ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው? ወይስ ቅናት? ዓመት ሙሉ በር ዘግቼበት...

እሑድ፣ መስከረም 20 ቀን 1955

ቤታችን ከገባን ሰነበትን። አዲሱ ግድግዳ ገና እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ወገቤ ያው ነው፤ እሱም አልዳነም።

ከቀትር በኋላ ሰማታር ሳልጠራው መጣ። "አንተ ሀብቴ፣ እንውጣ።" ተሸክሞ ደጅ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ጥላ ሥር አስቀመጠው። አላፊ አግዳሚው ሰላም ይለዋል። ልመልሰው ተነሳሁና ተውኩት። ትንሽ ጋደም አልኩ...

ስነቃ ፀሐይ ጠልቃለች። እራቱን ሃዎ አብልታዋለች። ማንም አልቀሰቀሰኝም።