ማንም ያልፈለገው ነገር

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲመጣ የሚይዝህ ወገብህስ እንዴት ነው? የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይስ አሁንም ደረጃውን ግድግዳ ይዛ ነው የምትወጣው? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር በልቼ አድራለሁ፣ ሥራዬንም እሠራለሁ፤ ቀሪውን እያነበብክ ትደርስበታለህ። ታላቄ ነህና አንቱ ልልህ ይገባ ነበር። ግን በአንድ ብርድ ልብስ እየተጓተትን ያደግን ሰዎች አንቱ ብንባባል መጀመሪያ የምትስቀው አንተ ነህ።

ሥራዬ ያው ነው፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ እንፋሎቱ ፊት ያቃጥላል። አንሶላ የምናጥፈው ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ጫፍና ጫፉን ይዘን ነው። የእኔ ባልደረባ ዘፈን የምትወድ ሴት ናት፤ ድምጿ ግን አያድርስ ነው። ከማዋለጃ ክፍል አንሶላ የመጣ ቀን ዘፈኗን ትተውና እኔን ወደ ፎጣው ትልከኛለች። ብቻዋን እየታገለች ታጥፈዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፣ እሷም ነግራኝ አታውቅም።

ባለፈው ክረምት ልጁ አልተረፈም ብዬ በስልክ ስነግራችሁ እማዬ የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ቻይው አለችኝ። አንተም አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ አልከኝ። ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ለወንድም የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ይኸው ስጽፈው ፊቴ እየጋለ ነው። አንተም ብታፍር እፈር፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው። አዋላጇ እንደነገረችኝ ምጡ እንደዚያ የረዘመው በልጅነቴ ስገረዝ የቀረው ጠባሳ አልላላም ስላለ ነው። ልጁ ምንም አልጎደለውም ነበር። ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ እንደ አንተ ጣቶች። መውጫ አጥቶ ነው የሞተው። ባሌ ኮሪደሩ ላይ የገዛለትን ኮፍያ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አዋላጇ ወጥታ ስትነግረው ኮፍያውን ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ እስካሁን የት እንዳደረሰው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሰው ማየት አስጠላኝ። አዋላጇ ግን የዋዛ ሴት አይደለችም፤ እየመጣች ማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ትቆማለች። እሁድ እሁድ ሰፈራችን ባለው ጤና ጣቢያ ውስጥ እኔን የመሰሉ ሴቶች እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። መጀመሪያ እንቢ አልኩ፣ በኋላ እሷን ለመገላገል ብዬ ሄድኩ። እዚያ ከልጅነቴ ጀምሮ የደበቅኩትን ሕመም ሌላ ሴት ስትናገረው ሰማሁ። ሁሉም ሴት እንዲህ ነው የሚያመው ብዬ ነበር የማስበው፣ ታምነኛለህ? አሁን ሕክምና ጀምሬያለሁ፣ ትንሽ ቀሎኛል። ልቤ ግን አልቀለለም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርህ። ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ፣ ከቄሱና ከሼኹ፣ ከሰፈሩም ሰው ጋር ሆኖ ግርዛትን ለማስቀረት ይሠራል። ሁለቱም የሃይማኖት አባቶች እምነታችን አያዝም ብለው ደጋግመው ተናግረዋል። ሰው ግን ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶ፣ ቤቱ ገብቶ ልጁን ያስገርዛል። ግራ ሲገባቸው አዋላጇ አንድ ዘዴ አመጣች። ሴቶቹን ጤና ጣቢያው ውስጥ አስቀመጠች። ወንዶቹ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ቤት ተሰበሰቡ። ፀጉር አስተካካዩን ሬዲዮ ነው የምንለው፣ ለምን እንደሆነ መቼም ይገባሃል። ለሁለቱም ወገን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረበ፤ በቤታችሁ ይህን ነገር የሚፈልገው ማን ነው?

እኛ ሴቶቹ ያለ ምንም ክርክር ወንዶቹ ናቸው አልን። ያልተገረዘችዋን ማን ያገባታል፣ አባቷስ በሰው ፊት ምን ይሆናል አልን። ሬዲዮ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ መንገዱን አቋርጦ መጣና የወንዶቹን መልስ ነገረን። ሚስቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው፣ እኛ የሴት ጉዳይ ውስጥ አንገባም ብለዋል አለ። እየቀለደ መስሎን ጥቂቶቻችን ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። ከመሃላችን አንዲት አሮጊት፣ ሴት ልጇን በግርዛት ምክንያት የቀበረች ናት፣ ታዲያ እኔ ልጄን ለማን ብዬ ነው የሰጠሁት ብላ ጮኸች።

ወንድሜ፣ ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ የማስበው የእኛን ቤት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትንሿ ልጅህ ተራ እንደሆነ፣ ለገራዧም እንደተነገራት ሰምቼ ነበርና እማዬ ዘንድ ደወልኩ። እኔማ ደክሞኛል ልጄ፣ እንደ ትልቋ ያለ ለቅሶ ዳግመኛ መስማት አልችልም፣ ግን ወንድምሽ አባት ነው፣ ያፍርብኛል አለችኝ። ባለቤትህን ጠየቅኳት፤ እማማ ይቀየሙኛል፣ ባሌም ዝም ሲል ፈቃዱ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው አለችኝ። አንተ ደግሞ የትልቋን ሰምቼ ስጠይቅህ በስልክ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ ብለኸኛል። ይኸው ሦስታችሁ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖራችሁ፣ አንዳችሁ በሌላው እያሳበባችሁ፣ ሕፃኗን ልትሰጧት ነው።

ትልቋንም እንዲሁ ነው የሰጣችኋት። ባለቤትህ እንዳለችኝ ያን ዕለት ማልደህ ወደ እንጨት ሥራህ ወጥተህ፣ ማንም ያላዘዘህን ወንበር ስትልግ አረፈድክ። ደሟ አልቆም ሲል ግን ሐኪም ቤት ያደረስካት አንተው ነህ፣ ታቅፈህ፣ በሩጫ። ያቺ ልጅ ስልክ ከሁሉ ቀድማ የምታነሳ፣ አክስቴ ምን ትልኪልኛለሽ እያለች የምታደክመኝ ልጅ ነበረች። አሁን ደህና ነኝ ብላ ስልኩን ለእናቷ ታቀብላለች። አልቆጣህም። ስለ እሷ ሳስብ ግን አለቅሳለሁ፣ ብዙ አለቅሳለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። እማዬንና ባለቤትህን አንድ ላይ አስቀምጥና እኔ አልፈልግም በላቸው። በተራ አይሁን፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱም እየሰሙ ይሁን። ከዚያ የእነሱን ስማ። አባቷ ከተናገረ ገራዧን የሚጠራት የለም። በስልክ ያልነገርኩህ ሳልጨርስ እንዳልዘጋው ፈርቼ ነው። ይህን ወረቀት የአውቶቡሱ ሾፌር እጅህ ላይ ያደርስልሃል፤ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ እንደሚደርስ ምሎልኛል። እናንተም ሰፈር ጤና ጣቢያው ውስጥ እንዲህ ያለ ስብሰባ መጀመሩን አዋላጇ ነግራኛለች፤ ትልቋን ውሰዳት፣ ያክሟታል፣ ያጫውቷታልም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ እንዳልተቀየምኳት ንገራት፣ እሷንም ፈልገሽ ነው ወይ ብሎ ማንም አልጠየቃትም። ባለቤትህን እህቴ አይዞሽ በልልኝ፣ ባሌም በጣም ሰላም ብሏችኋል። ለትልቋ ምን እንደምትላት አላውቅም። እውነቱን ልንገራት ብትል፣ እውነቱ ከቤቱ ሰው ማንም አለመፈለጉ ነው፤ ይህን ደግሞ ለልጅ በምን አፍ ይነግሩታል? ብቻ አጠገቧ ተቀመጥ። ለትንሿ ምንም አትንገራት። ከምን እንደተረፈች ሳታውቅ ትደግ።

እህትህ

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ከምሳ በኋላ
ሰኔ መግቢያ፣ ሰኞ ቀን