ክፉዋ አከራይ ቅዳሜ መድረክ ትወጣለች፦ የ«እትዬ ይደገም»ን ዕረፍት ስለማሳወቅ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሠራተኞቻችን እና ሥራችንን ለምትከታተሉ ሁሉ

የአካል ጉዳተኛ ከያንያን ማኅበር የሥራ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ የነበሩት፣ እኛም ሆንን የሙያ ጓደኞቻቸው «እትዬ ይደገም» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን፣ ባደረባቸው የልብ ሕመም ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ይገልጻል። ሀዘን ስንል የምር ነው፤ ቢሯችን ውስጥ ከማክሰኞ ጀምሮ በደህና ድምፅ ስልክ ያነሳ ሰው የለም።

ይሁን እንጂ ይህን መግለጫ የሚያነብ ሁሉ አንድ ነገር አስቀድሞ ይወቅልን። በዚህ ሳምንት ያዘንነውን ያህል ልባችን በደስታ እየዘለለ ነው። እሳቸው የለፉበት ትያትር ቅዳሜ ይከፈታል! እንባና ጉጉት ተደባልቆብናል፤ አንዱን እንጻፍ ስንል ሌላው እየቀደመን ተቸግረናል። ስለዚህ አጻጻፋችን ከወትሮው የመሥሪያ ቤት ወግ ወጣ ቢል ይቅርታ ይደረግልን።

እትዬ ይደገም የተወለዱት ከጫማ ሰፊ ቤት ነው። ገና ድክ ድክ ሲሉ የያዛቸው የልጅነት ልምሻ ግራ እግራቸውን አሰለለው። ታላቅ ወንድማቸው ሙያውን ከአባታቸው ተምረው፣ ተረከዙ ከፍ ያለ የግራ ጫማ እየሰፉ አሳደጓቸው፤ እትዬም እስከ መጨረሻው ድረስ ሌላ ሰው የሰፋውን ጫማ አላደረጉም። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአንድ ትያትር ቤት የመድረክ ጀርባ ሥዕል ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ሰማይ፣ ግድግዳ፣ የተዘጋ መስኮት፣ የመንደር መንገድ ሲስሉ ኖረዋል። «በክራንች መሰላል አይወጣም» ሲባሉ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግተው፣ እላዩ ላይ ተቀምጠው ይስሉ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጤነኛ እግር ያላቸው ሠዓሊዎችም መሰላሉን ትተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ወገብ ያሳርፋል አሉ።

ማኅበራችን በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፦ የድጋፍ ገንዘብ አመልካቾችን በሚመርጠው ኮሚቴ ውስጥ ገቡ። በዚያን ጊዜ ኮሚቴው ከሥራው በፊት የአመልካቹን የሕመም ታሪክ ነበር የሚሰማው። ከንፈር ይመጠጣል፣ «ውይ፣ ሲያሳዝን!» ይባላል፣ ገንዘቡም አብልጦ ላሳዘነው ይሰጣል። እትዬ ይደገም በመጀመሪያ ስብሰባቸው ላይ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ከንፈር መምጠጥ ለሚፈልግ ለቅሶ ቤት ሞልቶለታል። እዚህ ሥዕሉን አምጡልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ይታያል፣ ይደመጣል፤ የማን እንደሆነ የሚነገረው ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዙር ለዓመታት ሲደገፉ የኖሩ ሰዎች ወደቁ፤ ኩርፊያው ለጉድ ነበር። እሳቸው ግን የወደቁትን ሁሉ በየተራ አስጠርተው የሥራቸውን ጉድለት ፊት ለፊት ነገሯቸው። «እስከ ዛሬ ይህን ያልነገረህ ሰው አዝኖልህ አይደለም፤ ንቆህ ነው» ይሉ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፦ ቅጽል ስማቸውን አገኙ። የሀዘን መግለጫ ቀልድ አይሸከምም ይባላል፤ ይህን ሳንናገር ብንቀር ግን እሳቸው ይቀየሙናል። አንድ ዓይነ ስውር የአኮርዲዮን ተጫዋች ለድጋፉ ሊፈተን መጣ። ተጫውቶ ሲጨርስ ከአዳራሹ ጥግ ክራንች ወለሉን ቷ አደረገና «ይደገም!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ታዳሚ ደስ ሲለው የሚጮኸው ቃል ነውና ወጣቱ ተነሥቶ እጅ ነሣ፤ ዘፈኑንም ከነስሕተቱ ደገመው። አሁንም «ይደገም!» ተባለ። አሁንም እጅ ነሥቶ ደገመው። በስተመጨረሻ ላቡን እየጠረገ፣ «እማማ፣ እንዲህ ስለወደዱልኝ ደስ ብሎኛል፤ ጣቴ ግን አለቀ» አላቸው።

«ኧረ እኔ መች ወደድኩት ልጄ!» አሉ እትዬ። «መሐሉ ላይ ከምቱ እየወጣህ ነው። እስክታቃናው እኮ ነው የምጠብቅህ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከሁሉም አብዝቶ የሳቀው ራሱ ተጫዋቹ ነበር። እሳቸው ለካ ቃሉን የሚያውቁት ከመጋረጃው ወዲህ፣ ከታዳሚው አፍ ሳይሆን፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከልምምዱ ነው። በልምምድ ጊዜ «ይደገም» ማለት ገና ነው ማለት ነው። ወጣቱ በዚያ ዓመት ድጋፉን አላገኘም፤ በተከታዩ አገኘ። ቅዳሜ የሚከፈተውን ትያትር ሙዚቃ የደረሰው እሱ ነው፤ ምቱንም ማንም እንዳይጠራጠር።

በሰባተኛው ዓመት፦ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ የረዳትና የመጓጓዣ ወጪ ከከያኒው የሥራ ገንዘብ ላይ መቆረጡ ቀርቶ ማኅበሩ ለብቻው እንዲሸፍነው አስወሰኑ። መስማት የተሳናት ዳንሰኛችን እስከዚያ ድረስ ለጫማና ለአዳራሽ ኪራይ ያሰበችውን ገንዘብ ለአስተርጓሚ ስትከፍል ነበር። ቦርዱ «አስተርጓሚው የሚያስፈልገው ለእሷ ስለሆነ…» ብሎ ሲጀምር አላስጨረሱትም። «እሷማ በእጇ እያወራች ነው። የማይገባን እኛ ነን። ታዲያ አስተርጓሚው የማን ሆነና?» አሉ። ቦርዱም ውሳኔውን አጸደቀ። ዳንሰኛዋ ልምምድ ላይ ስትሆን ደግሞ እትዬ ራሳቸው ሄደው የእንጨቱን ወለል በክራንቻቸው ይመቱላት ነበር፤ ምቱ በእግሯ ይገባታላ።

በዚያው ዓመት ገደማ ለአዳዲስ አባላት «እምቢ» የማለት ሥልጠና ጀመሩ። «ለበጎ አድራጎት ስለሆነ በነፃ ኑና ዝፈኑልን» ለሚሉ ደዋዮች የሚሰጠውን መልስ የሚያለማምዱት ራሳቸው በስልክ ነበር። ከጎን ክፍል ሆነው ይደውላሉ፣ ያባብላሉ፣ ይለምናሉ፣ ሲብስም ያለቅሳሉ። ሆዱ ባብቶ «እሺ» ያለ አባል ከመጀመሪያው ይጀምራል። የማኅበራችን የሒሳብ ሠራተኛ ልቅሶውን የምር መስሏት አንድ ቀን ውኃ ይዛ ሮጣ ገብታለች።

ባለፉት ሦስት ዓመታት፦ ወደ ቅዳሜው ጉዳይ እንመጣለን። በዊልቸር የምትንቀሳቀሰው ተዋናይታችን በሙያው ላይ ስትቆይ የደረሷት ሚናዎች ለማኝ፣ በሽተኛ፣ እንዲሁም በመጨረሻው ትዕይንት በተአምር ድና፣ ከኋላ በሰው ተደግፋ የምትቆም ልጅ ነበሩ። «ተቀምጬ ጀምሬ ተቀምጬ የጨረስኩት ዋና ሚና የለኝም» ትላለች። አንድ ከሰዓት እትዬ ይደገም ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋችና፣ «እትዬ፣ እኔ ክፉ ሴት መሆን ነው የምፈልገው» አለቻቸው።

«ጎሽ የኔ ልጅ! ምን ዓይነት ክፉ?»

«የለየላት። ሰው ቤቱ ገብቶ እንኳ እያሰባት እንቅልፍ የሚያጣባት።»

እሳቸው ደስታውን አልቻሉትም። የትያትር ደራሲዎችን በር ሲያንኳኩ ከርመው፣ አንዲት እናትን ከነልጆቿ በዝናብ የምታስወጣ አከራይ ያለችበትን ድርሰት አገኙ። ድርሰቱም እንደ ደንቡ ስም ሳይጠቀስበት ለኮሚቴው ቀርቦ የድጋፍ ገንዘቡን አገኘ። የቀረው ትልቁ መድረክ ነበር። የትያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ግን አልተዋጠላቸውም። «እትዬ፣ ሕዝቡ ያዝንላታል፤ ክፋቷን ማን ያምናል? ደግሞስ አከራይዋ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ነው የተጻፈችው» አሉ።

«ጌታዬ፣ አከራይ ለመሆን የሚያስፈልገው ቤት እንጂ እግር አይደለም» አሉ እትዬ ይደገም። «ደረጃውን ተከራዮቹ ይውጡት። ኪራይ ይዘው የሚመጡት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ መድረኩንም ፈቀዱ። ስጋታቸው ግን አልለቀቃቸውም። እውነቱን ለመናገር እኛንም አልለቀቀንም። ተዋናይቷ በአፏ እሳት ብትተፋ፣ አንድ ሰው ከታዳሚው መሐል «ሲያሳዝን» ካለ ሚናው አለቀለት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ለማኝነቷ እንድትመለስ ነው የሚፈረድባት።

ባለፈው እሁድ የመጨረሻው ሙሉ ልምምድ ተካሄደ። የትያትር ቤቱን በር የሚጠብቁ አዛውንት አሉ፤ አባባ እንላቸዋለን። አባባ በየምሽቱ «አይዞሽ የኔ ምስኪን» እያሉ የተዋናይቷን ዊልቸር በዳገታማው መግቢያ ላይ የሚገፉ፣ ቢሏቸው ቢሏቸው የማይተዉ ደግ ሰው ናቸው። እሁድ ዕለት ብርድ ስለነበር ወደ ውስጥ ገብተው ልምምዱን ከኋላ ወንበር ሆነው አዩት። ካለቀ በኋላ ተዋናይቷ ውስጥ የረሳችውን ሻርፕ ልታመጣ ከውጭ ወደ መግቢያው ተመለሰች። በሩ ላይ ተመልሰው የተቀመጡት አባባ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

«አንቺማ ራስሽን ቻይ!» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «ያችን ሴትዮ ከነልጆቿ በዝናብ አስወጥተሽ! አሁን ደግሞ ገፍቼ ላስገባሽ? እግዜር አይወድም!»

እልል ነው ያልነው! ተዋናይቷ ዳገቱን በገዛ ክንዷ እየገፋች ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። እትዬ ይደገም በሳቅ ብዛት ክራንቻቸውን ጥለው ግድግዳ ተደገፉ። ያን ምሽት ወደ ቤታቸው ስንሸኛቸው መንገዱን ሙሉ «ራስሽን ቻይ!» እያሉ ይስቁ ነበር። ሕያው ሆነው ያየናቸው ለመጨረሻ ጊዜ እንዲያ እየሳቁ ነው፤ ስለዚህም አምላክን እናመሰግናለን።

ማክሰኞ መርዶው ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሯችን መጡ። የመጡት በቅን ልብ መሆኑ ይመዝገብልን፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የቅዳሜው ትያትር ቀርቶ በምትኩ የመታሰቢያ ምሽት እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ። ተዋናይቷ ጥቁር ለብሳ መድረክ ላይ ትወጣለች፣ ስለ ውለታቸው ትናገራለች፤ ትያትሩ ሌላ ጊዜ ይታያል። የ«ሌላ ጊዜ»ን ትርጉም እኛ የማኅበሩ አባላት አብጠርጥረን እናውቀዋለን። ያም ሆኖ ከመካከላችን ግማሾቻችን «ለሟች ክብር ሲባል ይሁን» ማለታችን አልቀረም። ተዋናይቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ «እሳቸው ስንት ለፍተው ክፉ ያደረጉኝን፣ እናንተ በአንድ ምሽት መልሳችሁ ምስኪን ልታደርጉኝ ነው?» አለች። ሁላችንም አቀረቀርን።

ውሳኔው ለቤተሰብ ተተወ። የእትዬ ይደገም አንድያ ልጅ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ሐዘንተኛ ሆና ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ነገሩን አስረዳናት። «ቲኬቱ ተሽጧል?» አለችን። ተሽጧል አልናት። «ታዲያ ተሳፋሪው ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ጉዞ ይሰረዛል እንዴ?» አለችና ወደ ለቅሶዋ ተመለሰች። አጎቷ ጫማ ሰፊውም ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸደቁ።

በመሆኑም ማኅበሩ የሚከተለውን ያሳውቃል። ትያትሩ ቅዳሜ ምሽት በተባለው ሰዓት በትልቁ መድረክ ይከፈታል። ከትያትሩ በፊት የሚደረግ ንግግር የለም። የሚቀጥለው ዙር የድጋፍ ገንዘብ ማመልከቻም ሰኞ ይጀመራል፤ ሥራው አሁንም ከባለቤቱ ቀድሞ ይታያል።

ለልጃቸው፣ ለታላቅ ወንድማቸው፣ አብረዋቸው ሸራ ላይ ተቀምጠው ለሳሉ የሙያ ባልደረቦቻቸው እንዲሁም በሳቸው ቁጣ ሥራቸውን ላቃኑ ከያንያን ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የእትዬን ነፍስ ፈጣሪ በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን።

በመጨረሻም ከቤተሰቡ የተላከ አንድ አደራ አለ። ልጃቸው ቅዳሜ ትያትር ቤት ትገኛለች፤ ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ትቀመጣለች። መጋረጃው እስኪወርድ ድረስ ማንም ሰው ቀርቦ «እግዜር ያጥናሽ» እንዳይላት ለምናለች። የምትመጣው ለማልቀስ አይደለም፤ ያችን አከራይ ለመርገም ነው።

የአካል ጉዳተኛ ከያንያን ማኅበር