አሥር ስፌት በችሎት ፊት

ለልጄ፣

በሰባ አንድ ዓመቴ፣ ባልነካሁት ሻንጣ፣ ዕፅ አዘዋዋሪ ተብዬ ታስሬአለሁ። አርባ ስድስት ዓመት ሻንጣና ቦርሳ የጠገንኩበትን ሙያ ሰው ወስዶ ለቆሻሻ ሥራ ተገለገለበት፤ ጦሱ ለእኔ ተረፈ።

ሰላምታ መቅደም እንደነበረበት አውቃለሁ። ይህ ካልወጣልኝ ግን ሌላው አይወጣልኝም። እንግዲህ አሁን፣ ደኅና ነሽ ወይ? ልጆቹስ? ትልቁን ሳሉ ለቀቀው? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? የሱቅ ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ሰላም በይልኝ፤ ወስዶ ያስቀረብኝን መቀስ ግን አልረሳሁትም። ባልሽን ሰላም አላልኩም። ረስቼ አይደለም። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልሽ አብሮኝ የታሰረ ሹፌር ነው፤ ነገ ይፈታል። በዘበኞቹ በኩል የሚወጣ ወረቀት ሁሉ ይነበባል። እሱ ግን ማንበብ አይችልም። ፊደል አስጀምሬው እስከ «ቀ» ደርሷል፤ በዚህ አካሄዱ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚጨርሰው እኔ ከተቀበርኩ በኋላ ነው። የገባሁ ቀን ክሴን ሲሰማ፣ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከዕፅ ከዘራ ቢይዙ አይሻልም ነበር?» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀብኝ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም። ነገረኛ ነው፣ ግን የታመነ ሰው ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ የመጣሽ ዕለት አልተነጋገርንም። ከሽቦው ማዶ አንገትሽን ደፍተሽ ቆየሽና አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለሽ ሳታዪኝ ሄድሽ። በእኔ ያፈርሽ መስሎኝ ነበር።

የወሰዱኝ ከሱቅ ነው። ጣቢያ እንደደረስን መርማሪው አንድ ቡናማ ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ አወጣ፤ ገበሩ በአንድ ጎኑ ተተርትሯል። «አባት፣ ይህን ስፌት ያውቁታል?» አለኝ። የተሰረቀ ዕቃ ባለቤት የሚፈልግ መስሎኝ መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ በጣቴ ዳሰስኩት። በየሦስተኛው ስፌት ክሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቋጠራል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ በወጣትነቴ አንድ አሮጌ ኮርቻ ፈትቼ፣ መልሼ እየሰፋሁ፣ በራሴ ያገኘሁት ነው። ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ ሌላው አይተረተርም። «የእኔ ነው፤ በዚህ ከተማ እንዲህ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም» አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት። እሱም ጻፈው። ለወረቀቱ ግን መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ፣ ሁለት ቃል አረምኩለት፣ ፈረምኩ። ከገበሩ ሥር የወጣውን ነጭ ዱቄት ያሳየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሻንጣውን ይዞ ሲጓዝ የተያዘው ሰው ከማን እንደተቀበለ አላውቅም ብሎ ድርቅ ብሏል። ስለዚህ በእጃቸው ያለው ስፌቱና የእኔ ፊርማ ነው።

አይገርምሽም? የነካኝ የለ፣ የተቆጣኝ የለ፤ በገዛ ጉራዬ ገባሁ።

ፍርድ ቤቱ ጠበቃ አቆመልኝ። ካንቺ ትንሽ የምታንስ ሴት ናት፤ በብብቷ የምትይዘው ፋይል የሠላሳ ሰው ነው። መጀመሪያ አልወደድኳትም። የወንጀል ሕጉን አስመጥቼ አንብቤ ስለነበር አንቀጽ ስትጠቅስ አረምኳት። «አባባ፣ እኔን ይተዉኝና ዐቃቤ ሕጉን ያርሙልኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ወደድኳት።

ያለፈው ሳምንት የስፌቱን ፎቶግራፍ አጉልታ አሳትማ አመጣች። መነጽሬን አደረግሁ። ቋጠሮዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ተኝተዋል። የእኔ ቋጠሮ ወደ ቀኝ ነው የሚተኛው፤ አንድም ቀን ወደ ግራ ተኝቶ አያውቅም።

ፎቶግራፉን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ምን እንዳየሁ ጠየቀችኝ፤ ምንም አልኳት። ለካ እሷ ሞኝ አይደለችም፤ ከደንበኞቼ ሁለት ቦርሳ ተውሳ አመሳክራ ኖሯል። «የእርስዎ ወደ ቀኝ፣ ይህ ወደ ግራ! ዳኛው ፊት አሥር ስፌት ብቻ ይስፉልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፣ ቤትዎ ይገባሉ» አለች። እንደ ልጅ ነበር የተደሰተችው። በሁለቱም እጄ እሰፋለሁ አልኳት። ወዲያው እስክሪብቶዋን አውጥታ፣ «እስቲ በግራዎ ስምዎን ይጻፉልኝ» አለች። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩላት። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀች፦ «ይህን አሰፋፍ ለማን አስተምረዋል?»

ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ እጄን እያየሽ ትማሪ ነበር። በቀኝሽ ስፊ ብዬ ግራ እጅሽን በሻሽ ከወገብሽ ጋር አሰርኩት። አለቀስሽ፤ አልፈታሁልሽም። ዞር ስል ግን ራስሽ ፈትተሽ በግራሽ ቀጠልሽ። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይህን ተናግሬ አላውቅም።

ፎቶግራፉ ላይ ያለው ስፌት አንድ እንከን የለውም። ከእኔ ስፌት ይልቅ እኩል ነው። የሰፋው ሰው ከገበሩ ሥር ምን እንዳለ ያውቅ ይሆን ወይስ ሰው አታልሎት ይሆን እያልኩ አስቤ አስቤ ደከመኝ። አልጠይቅም።

ለማንም አላስተማርኩም አልኳት። ውሸት ሲነገር ከገበታ የምነሣ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ። እሷም ፋይሉን ዘጋችና፣ «አባባ፣ ከአሥር ዓመት አያንስም፤ ከዚህ በሕይወት አይወጡም። እኔ እኮ ጠበቃዎ ነኝ፣ ጠላትዎ አይደለሁም» አለችኝ። እንባዋ መጥቶ ነበር። ደንበኛዋ ካልፈቀደ ምንም እንደማታቀርብ፣ ቦርሳዎቹንም ለባለቤቶቻቸው እንድትመልስ ነገርኳት። ክፉ ሽማግሌ ነዎት አላለችኝም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ቀጠሮ ነበር። ዳኛው የመከላከያ ማስረጃ አለዎት ወይ ብለው ጠየቁ። ተነሥቼ፣ ስፌቱ የእኔ ነው፣ ሌላ የምለው የለኝም አልኩ። ጠበቃዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

በሕይወቴ የተበላሸ ነገር ሲገጥመኝ ቁጭ ብዬ እፈታዋለሁ፣ ጥፋቱን አገኘዋለሁ፣ እጠግነዋለሁ። ይህኛው ግን እጅ አሰጥቶኛል። ብናገር የሚፈርሰውን አውቃለሁ፤ ዝም ብል የሚፈርሰውንም አውቃለሁ። ሦስተኛ መንገድ በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። የለም።

አሁን የምልሽን ስሚ። የፍርዱ ቀን እንዳትመጪ። ሰው ፊት መርፌ እንዳትይዢ። የሱቁ ቁልፍ ፀጉር አስተካካዩ ጋር ነው፤ ወስፌዎቹንና ክሮቹን አውጥተሽ ለሚፈልግ ስጪ፣ አንድም ቤትሽ አይግባ። ከዚያ ልጆቹን ይዘሽ አክስትሽ ዘንድ ሂጂ። ልጆቹን ብቻ። ደብዳቤውን አንብበሽ ስትጨርሺ አቃጥዪው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ልጆችሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፤ አጠገብሽ ካለውም ቢሆን።

ስለዚህ ሻንጣ የተናገርኩት ይበቃል። ጠበቃዋ ብትለምነኝ፣ ዳኛው ደግመው ቢጠይቁኝ፣ አንቺም ራስሽ አንድ ቀን መጥተሽ «አባዬ፣ ልንገርዎት» ብትዪኝ አልሰማሽም። ስለ ልጆቹ ጠይቄሽ ትሄጃለሽ። ይህን ነገር እስክሞት ሁለተኛ አላነሣውም።

አባትሽ