የምሰሶው ቁልፍ

ውድ ልጄ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል። ስልኩ ላይ መልስ መጻፍ ጣቴ አይችልበትም፤ ስለዚህ በእስክሪብቶ፣ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። ቀስ ማለቴ ደግ ነው፤ ብፈጥን ኖሮ ስድብ ይቀድመኝ ነበር።

መንገዱን በወንድምሽ ስም ልታስጠሪው ነው። እኔም መጥቼ የስሙ ሰሌዳ የተሸፈነበትን ጨርቅ እንድገልጠው ትፈልጊያለሽ።

ልጅ ሳላችሁ ያ መንገድ የጭነት መኪና መተላለፊያ ነበር። ጭሱ በመስኮት ይገባና የወንድምሽ ደረት እንደ ፉጨት ይጮህ ነበር። አንቺ ጭንቅላቱን ጭንሽ ላይ አድርገሽ «ሳድግ ይህን መንገድ እዘጋልሃለሁ» ትይው ነበር። አደግሽ፣ ተማርሽ፣ የከተማው መንገድ ኃላፊ ሆንሽ፣ ዘጋሽው። ዛፍ ተከልሽ፣ አግዳሚ ወንበር አስቀመጥሽ፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት አቆምሽ፣ የኤሌክትሪክ ባቡሩን እስከ መንገዱ አፍ አመጣሽ። አልክድም፣ ያምራል። ለመጣ ለሄደው «የልጄ ሥራ ነው» እያልኩ ስኩራራ ከርሜያለሁ።

ወንድምሽ ግን የዳቦ መኪና ነጂ ነበር። ከባለሱቁ ቁልፉን እየተቀበለ፣ መኪና እንዳይገባ መንገዱ አፍ ላይ የተከልሽውን የብረት ምሰሶ እየከፈተና እየነቀለ መኪናውን እስከ ሱቁ በር ያስገባ ነበር። የመጨረሻው እሑድ ምሳ ላይ የተባባላችሁትን ታስታውሻለሽ?

«እታለም፣ ዛፍሽ ዳቦ ማፍራት የሚጀምረው መቼ ነው?»

«አንተ ደንቆሮ፣ ለማን ደረት ብዬ የለፋሁ መሰለህ?»

«ለእኔ ከሆነማ ቁልፉን ስጪኝ።»

ሦስታችንም ሳቅን። በማግስቱ ሄደሽ ቁልፉን ከባለሱቁ ተቀበልሽና ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። «ለአንዱ ከላላሁ ለሁሉም መላላት ነው» አልሽኝ።

እሱም እህቱን አከበረ። መኪናውን ውጭ አቁሞ የዳቦ ሣጥን በትከሻው ማመላለስ ጀመረ። የዚያን ዕለት እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻውን ሣጥን አድርሶ መጣና የቤታችን በር ላይ ተቀመጠ። ፉጨቱን ሰማሁት። ወደ አፉ የሚነፋውን መድኃኒት ሲጫነው ባዶ ነበር። አምቡላንሱ ፈጥኖ መጣ፤ መጥቶም ምሰሶሽ ፊት ቆመ። ነጂው «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» እያለ ሲጮህ እስከ ቤት ይሰማ ነበር። ስደውልልሽ «መጣሁ እማዬ፣ በባቡሩ ይፈጥናል» አልሽ።

የአምቡላንሱ ሰዎች ኦክስጅኑን ተሸክመው ከወዲያ ሮጡ፤ እኔና ጎረቤቶቼም በምግብ ጠረጴዛው ወንበር ተሸክመነው ከወዲህ ሮጥን። መሃል ላይ፣ ከዛፎችሽ ሥር ተገናኘን። ጭምብሉን አደረጉለት፤ የሚስብ ሰው ግን አልነበረም። ያኔ አንቺ ደረስሽ። ቁልፉን ወደ ላይ ይዘሽ «ይኸው፣ ይኸው» ትይ ነበር። ባቡሩ ፈጣን ነው፣ አልዋሸሽም።

ሐኪሙን፣ አምቡላንሱ በር ድረስ ቢደርስ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አይታወቅም እናቴ» አለኝ። ጎረቤት ሁሉ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንድልሽ ይወተውተኛል። አልልሽም። እኔ ሳላውቅ እንደምሞት አንቺም ሳታውቂ ኑሪ።

አሁን መሥሪያ ቤትሽ ለየቤቱ አንዳንድ ቁልፍ አድሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የእኔን ያመጣው ልጅ «ለድንገተኛ ነው እናቴ» ሲለኝ ሻይ አፍልቼ አጠጣሁት፤ እሱ ምን ያውቃል።

ስሙን እዚያ አትስቀዪ። በቁሙ መኪናውን ማስገባት የተከለከለበት መንገድ ላይ፣ ሲሞት ብረት ላይ ተጽፎ ምን ይሠራለታል? ጨርቁንም አልገልጥም። የአንድ ልጄን ፊት በጨርቅ ሸፍኛለሁ፤ ይበቃኛል። ዛፎቹን ግን ጧት ጧት አጠጣቸዋለሁ። እነሱ ምን አደረጉ።

እኔም አሮጊት ነኝ፤ አንድ ቀን መውደቄ አይቀርም። ለጎረቤቶቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያን ቀን ምሰሶውን ማንም አይነቅልም፣ ቁልፉም ከአንገቴ አይወልቅም። አንቺን ይጠሩሻል። ወንድምሽን የተሸከምንበት ወንበር በሩ ሥር ነው፤ ካስቀመጥነው ጀምሮ አላነሣሁትም። እስከ መንገዱ አፍ የምትሸከሚኝ አንቺ ነሽ።

እስከዚያው ጤናሽን ጠብቂ፤ ጉልበት ያስፈልግሻል።

የሁለታችሁ እናት